ሞተሩ የዚህ መኪና አይደለም

ጀነት በከር ሁለት ነገር ምላ ነበር። አንደኛው፣ የሀጂ አብዱራህማንን ግቢ በእግሯ ላትረግጥ፤ ሁለተኛው፣ ልጃቸውን ሙስአብን ዳግም በዓይኗ ላታይ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ካለው ትልቅ የብረት በር ፊት ቆማ ሁለቱንም መሐላ በአንድ እርምጃ አፈረሰቻቸው። በሩን የከፈተላት ራሱ ሙስአብ ነበርና።

አራት ወር አላየችውም። ከስቷል። ጢሙን ለቆታል። የነጭ ሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ፣ የሰው ክርክር ተሸክሞ እንደሚያሸንፍ ጠበቃ ሳይሆን ቅጣቱ እስኪነበብለት እንደሚጠብቅ ተከሳሽ ቆሟል። ልቧ ዘለለ። እሷ ግን ልቧን መቆጣት ታውቅበታለች።

«መጣሽ» አለ።

«ለመኪናው ነው የመጣሁት።»

«አውቃለሁ።»

«ለአንተ መስሎህ እንዳትደሰት ብዬ ነው።»

«አልተደሰትኩም» አለ፤ ፊቱ ግን ዓይኑን እስኪያጠብበው ይስቅ ነበር።

የመሣሪያ ሳጥኗን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም። ሳጥኑ የአባቷ ነው፤ በዚህ በር ለመጨረሻ ጊዜ የወጣው በአባቷ ትከሻ ላይ ሆኖ ነው፤ ሲመለስም በልጁ እጅ እንጂ በሌላ እጅ አይገባም። እንዲህ አላለችውም። ሳጥኑን ወደ ሌላ እጇ አዛውራ አለፈችው። ሲያልፉ ክንዳቸው ለቅጽበት ተነካካ፤ ሁለቱም እንዳልተሰማው ሰው ወደ ሌላ አቅጣጫ አዩ።

ነገሩ የሃያ ዓመት ነገር ነው። ሀጂ አብዱራህማን ከአባታቸው የወረሱት አንድ ጂፕ ነበራቸው፤ አሜሪካኖች ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሠሩት፣ ከጦርነቱ በኋላ ከወታደር ትርፍ ዕቃ ጋር የተገዛ፣ እንደ ልጅ የሚሳሱለት። የጀነት አባት በከር ጌጃ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ጋራዥ ነበረው፤ ጂፑን ከእሱ በቀር ማንም አይነካውም። ሀጂ ለሐጅ ሲሄዱ «ስመለስ ሞተሩ ተነስቶ ልስማው» ብለውት ሄዱ። ሲመለሱ ሞተሩ ተነሳ። ደስታቸው ግን ከሊብሬው ጋር የሞተሩን ቁጥር እስኪያመሳክሩ ድረስ ብቻ ነበር። «ይኼ የእኔ ሞተር አይደለም! የአባቴን ሞተር የት አደረግከው?» አሉት በሰው ፊት። በከር «ሀጂ፣ የሰው ዕቃ እኔ ቤት አድሮ አያውቅም» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ያ ዝምታ ነው የገደለው። በሳምንቱ ሌባ ተባለ፤ በዓመቱ ደንበኛ አጣ፤ ጋራዡን ዘግቶ አብነት ገባ፤ እዚያው በአንዲት ክፍል ውስጥ እየሳለ፣ እየሠራ፣ ልጁን እያስተማረ ኖሮ ከሦስት ዓመት በፊት ሞተ። ጂፑም ወሬው በተነሳበት ዓመት ተቆልፎበት፣ ማንም ሳያየው ቀረ።

የጀነት እናት ደሚቱ ግን አንድ ነገር ሳትናገር ውላ አታውቅም። «አባትሽ ሞተሩን አልለወጠም። ሀጂ ናቸው ቁጥሩን አሳስተው ያነበቡት። አንድ ቀን በሩ ይከፈትና ይታያል።»

እንግዲህ ፍቅር ይሉት ነገር ቦታ አይመርጥም፤ ከመላው አዲስ አበባ መኪና መርጦ የሙስአብን መኪና ፍሬን አበላሽቶ፣ ከመላው ጋራዥ መርጦ ጀነት የምትሠራበት በር ላይ ጣለው። የማን ልጅ እንደሆነች ሲያውቅ አልሸሸም። የማን ልጅ እንደሆነ ስታውቅ ለሦስት ቀን ስልኩን አላነሳችም፤ በአራተኛው ቀን አነሳች። ሁለት ዓመት ተዋደዱ። ከአራት ወር በፊት ለእናቱ ለእትዬ ቀመሪያ ነገራቸው። እሳቸውም አንዲት ዓረፍተ ነገር መለሱ፤ «ከበከር ቤት ጋር መዛመድ አልችልም።»

ጀነት ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም። «ንገራቸው» አለችው፤ «እኛም የድንጋይ አጥር ካለው ቤት ጋር መዛመድ አንችልም፤ ድምፃችን ያስተጋባል።» ስልኩን ዘጋችው። ከዘጋችው በኋላ ነው ያለቀሰችው።

ከዚያ ባለፈው ሳምንት ደብዳቤው መጣ። በእጁ የተጻፈ፣ እንደ ክስ ማመልከቻ በአንቀጽ የተከፋፈለ። ሀጂ ካረፉ ዓመት ሞላቸው፤ የአሮጌ መኪና ወዳጆች ማኅበር ጂፑን ለኤግዚቢሽን ፈልጎታል፤ ያልታደሰ ስለሆነ የትኛው ዕቃ ከፋብሪካው ጋር የመጣ፣ የትኛው በኋላ የገባ እንደሆነ የሚለይ ሰው ያስፈልጋል። «ከአንቺ የተሻለ አላውቅም። ሞተሩንም ታያለሽ።» ከዚያ በታች አንድ መስመር ነበር፤ «የሚገኘው ምንም ይሁን፣ ከዚያ በኋላ የምጠይቅሽ አይለወጥም።»

ይህችን የመጨረሻዋን መስመር ጀነት አላመነቻትም። «ሞተሩንም ታያለሽ» የምትለዋን ግን ሌሊቱን ስትቆጥራት አደረች። ሊፈትነኝ ነው፤ ንጹሕ መሆኔን አረጋግጦ ሊያገባኝ ነው አለች። የአባቷን ሳጥን አንስታ የመጣችው በፍቅር አይደለም፤ በንዴት ነው። ቢያንስ እንዲህ ብላ ራሷን አሳምናለች።

*

ጂፑ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆሟል። ሰማያዊ ቀለሙ እንደ አሮጌ ግድግዳ ተልጧል፤ ጎማዎቹ መሬት ላይ ተኝተዋል። አጠገቡ ሁለት ሰው ነበር። አንደኛው ከማኅበሩ የመጡት አቶ ሂርጳ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በወታደር መኪና ጥገና የጨረሱ፣ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ ሽማግሌ። ሁለተኛዋ እትዬ ቀመሪያ ናቸው። ጥላው ጥግ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሙስበሃቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ። ጀነት ስትገባ ጣታቸው ቆመ።

«አሰላሙ ዓለይኩም።»

«ወዓለይኩም ሰላም» አሉ፤ ፊቷን ግን አላዩም። መሬት መሬቱን አዩ። ኩራታቸው ነው አለች ጀነት በልቧ። ይኩሩ።

«ባለሙያዋ አንቺ ነሽ?» አሉ አቶ ሂርጳ፣ ከእግር እስከ ራሷ እያዩ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የየት ኮሌጅ ተማሪ ነሽ?»

«የበከር ኮሌጅ።»

«የት ነው ያለው?»

«ተዘግቷል። አንድ ተማሪ ብቻ አስመርቆ።»

አቶ ሂርጳ ሳቁ። «በይ እንግዲያ አስተምሪኝ። እኔ ጸሐፊ ልሁን። ብርጭቆ ወረቀትና ሽቦ ብሩሽ ግን እንዳላይ! ቀለሙን ፍቆ አዲስ የሚያስመስል ሰው መኪናውን ገደለው ማለት ነው።»

«በዘይት የራሰ ጨርቅና ጣቴን ነው የማውቀው» አለች፤ እጅጌዋንም ጠቀለለች።

ሥራዋን ስትጀምር ሰው ሁሉ ከዙሪያዋ ጠፋ። አባቷ ያስተማራት ዓይኗን በጨርቅ አስሮ ነበር፤ «ዓይን ይሸነገላል፣ ጣት አይሸነገልም» ይል ነበር። የእንግሊዝኛ ፊደል የቆጠረችው ትምህርት ቤት አይደለም፤ ቡሎን ራስ ላይ ነው። ይህን ጂፕ የሠራው ፋብሪካ በስሙ የመጀመሪያ ፊደል፣ በኤፍ፣ ቡሎኑን ሳይቀር ያትም ነበርና።

«የፊት ፓራፋንጎ፣ ሁለቱም የፋብሪካ» አለች ከሥር ገብታ። «ቡሎኖቹ ላይ ፊደሉ አለ፤ ከአንዱ በቀር። የግራው ኋለኛው ተለውጧል። ጻፉ።»

«ጻፍኩ።»

«የመቀመጫው ሽቦ የጥንቱ ነው፤ ሸራው አይደለም። የመስታወቱ ክፈፍ የጥንቱ ነው፤ መስታወቱ የመርካቶ ነው። ሰማያዊው ቀለም የሀጂ ነው።» መቀመጫውን አንስታ ከሥሩ በጨርቁ አበሰች። የወይራ ቅጠል የሚመስል አረንጓዴ ወጣ። «ይኼ ደግሞ የጦርነቱ ነው። ከተቀባ ጀምሮ ፀሐይ አላየም።»

ሙስአብ ሊያይ ጎንበስ አለ። ራሶቻቸው ተቀራረቡ። «ደብዳቤዬ ደርሶሽ ነበር?» አላት በሹክሹክታ።

«ክስህ ነው? ደርሶኛል። መልሱን እየጻፍኩ ነው።»

«ጀነት፣ ክስ አይደለም።»

«በአንቀጽ የተከፋፈለ የፍቅር ደብዳቤ እኔ አላየሁም።»

«ከዚህ ሌላ መጻፍ አላውቅም» አለ፤ እንዲያ ሲል ዓይን ዓይኗን አያት። ጀነት ፊቷን ወደ ብረቱ አዞረች። ብረት ቢያንስ እንዲህ አያይም።

ሻንሲው ላይ ያለውን ቁጥር በግራ በኩል፣ ከሞተሩ ማቀፊያ አጠገብ አገኘችው። ዝገቱን በዘይቱ አለሰለሰችና በጣቷ አነበበችው። መጨረሻው አራት፣ አንድ፣ ሰባት። አቶ ሂርጳ ከሊብሬው ጋር አመሳከሩ፤ ትክክል ነው።

«አሁን ሞተሩ» አሉ። «ይህ ፋብሪካ ለሞተሩም ያንኑ የሻንሲውን ቁጥር ነበር የሚሰጠው። ከተመሳሰሉ እንዲህ ያለ ጂፕ አገር ውስጥ ስንት አለ ብለሽ ነው!»

ከበሩ ውጭ የሚኒባስ ረዳት «አብነት! አብነት!» እያለ ይጠራል። ጀነት እናቷን አሰበቻት፤ አሁን ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሃያ ዓመት የጠበቀችው በር ተከፍቷል።

ቢስሚላህ ብላ እጇን ሰደደች። ቁጥሩ ያለበትን ትንሽ ጠፍጣፋ ቦታ ዳበሰችው። ስምንት። ስድስት። ሁለት።

እጇን አወጣች፤ ጨርቁን ዘይት ነክራ እንደገና አበሰች፤ እንደገና ዳበሰች። ስምንት፣ ስድስት፣ ሁለት። ጣት አይሸነገልም።

ያን ጊዜ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣባት። ቦታው ጠባብ ነው፤ ዝገቱ ብዙ ነው፤ የአቶ ሂርጳ ዓይን እዚያ አይደርስም። «አራት አንድ ሰባት» ብትል ማን ያያል? በሦስት ቁጥር አባቷ ከመቃብሩ ንጹሕ ሆኖ ይነሳል፤ እናቷ ትስቃለች፤ እሷ ትዳራለች። ሦስት ቁጥር ብቻ። ቃሉ አፏ ጫፍ ላይ ደረሰ። ግን የምትዋሸው አባቷ ባስተማራት ጣት ነው። በዚያ ጣት ከዋሸች፣ ከበከር የቀራት ምንድን ነው?

ቀና አለች። ሙስአብን አየችው፤ የምትሰናበተው መስሏት ረዥም አየችው።

«ሞተሩ የዚህ መኪና አይደለም» አለች። «መጨረሻው ስምንት ስድስት ሁለት ነው። ተለውጧል። የለወጠው አባቴ ነው፤ ማሰሪያውን አውቀዋለሁ፣ የእሱ እጅ ነው። ጻፉት።»

እንባዋ እንዳይወርድ አገጯን ከፍ አደረገች። ሁሉን ነገር ያጣች መሰላት፤ ከአንድ ነገር በቀር፣ ከራሷ።

*

የተሰማው ድምፅ ሙስበሃ ነበር፤ መሬት ወድቆ ሲበተን። እትዬ ቀመሪያ ተነስተው ቆመዋል።

«አትጻፍ» አሉ ለአቶ ሂርጳ። «የእኔን ሳትሰማ አትጻፍ።»

«እማዬ፣ ምነው?» አለ ሙስአብ ሊደግፋቸው ሄዶ። እጁን ገፉት።

«ልቀቀኝ፤ ቆሜ ነው የምናገረው። ይህቺ ልጅ በገዛ አባቷ ላይ እውነት ስትናገር ቆማ ነው።» ወደ ጀነት ዞሩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አዩ። «ልጄ፣ አባትሽ ዕቃ ሲፈታ አሮጌውን ምን ነበር የሚያደርገው?»

ጀነት ጥያቄው አልገባትም። «ለባለቤቱ ይመልሳል። ባለቤቱ አልፈልግም ቢልም ይመልሳል። የተበላሸውን ሳያዩ እንዴት ያምኑኛል ይላል። እኔም እንዲያ ነው የማደርገው።»

«የእኔ መኪና ኋላ አሮጌ ፍሬን ብቻ ነው የሞላው» አለ ሙስአብ፣ ሳያስበው።

«መለሰው» አሉ እትዬ ቀመሪያ። «ሞተሩ ተሰንጥቆ ነበር። ሀጂ ሐጅ ላይ ናቸው፤ ስልክ አይገኝም። ‹ስመለስ ተነስቶ ልስማው› ብለውታልና ሌላ ፈልጎ ገጠመ። የተሰነጠቀውን እዚህ ግድግዳ ሥር፣ ከእነ ስንጥቁ፣ ለእኔ ለራሴ አስረከበኝ። ‹እትዬ፣ ሀጂ ሲመጡ ያሳዩዋቸው፤ የአባታቸው ነውና እንዳይጠፋ› አለኝ። እሺ አልኩት። ከዚያ ሀጂ ሊገቡ ሦስት ቀን ቀራቸው። እንግዳው አገር ምድር ነው፤ ግቢው ይጸዳል፣ ግድግዳው ይቀባል። ልዋጮች በበሩ እየጮኹ አለፉ። እኔ ብረት ነው፤ ዝገት ነው፤ ሀጂ ነጭ ለብሰው ሲገቡ ይኼን ክምር ሊያዩ ነው ብዬ… አራት ሆነው በጋሪ አወጡት። ሁለት ትልልቅ ሳፋ ሰጡኝ። በዚያ ሳፋ ነው የእንግዶቹን ሰላጣ ያጠብኩት።»

ማንም አልሳቀም።

«ሀጂ አሮጌውን ሲጠይቁ አላየሁም አልኩ። ለምን አልሽ በሉኝ! ሀጂ፣ አላህ ይርሀማቸውና፣ በቁጣ ሁለት ጊዜ ፈትተው መልሰውኛል። ሦስተኛው መመለሻ የለውም። ሁለተኛውን ጊዜ ሽማግሌ ሆኖ ያስታረቀን አባትሽ ነበር፤ ያቺ ሦስተኛ ቃል ከሀጂ አፍ እንዳትወጣ ሲማፀናቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በዚያ ቀን ሀጂ እየጮኹ ሳለ በከር ቀና ብሎ አየኝ። አንድ ጊዜ። ‹ለሚስትዎ ሰጥቻለሁ› ቢል ትዳሬ አለቀ፤ ይህ ልጅ ያለ እናት ያድጋል። አየኝ፤ አንገቱን ደፋ። ‹የሰው ዕቃ እኔ ቤት አድሮ አያውቅም› አለ። በቃ።»

ጀነት የጂፑን ጎን ይዛ ቆማለች። ያደገችው በአባቷ ዝምታ ውስጥ ነው፤ ፍርሃት ይመስላት ነበር፤ አንዳንዴም፣ አላህ ይቅር ይበላት፣ ጥፋተኝነት። ያ ዝምታ የሰው ትዳር ለማትረፍ የተከፈለ ዋጋ መሆኑን ማን ነገራት? ደረቷ ውስጥ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ተነሳ፤ ንዴትና ምስጋና፤ የትኛው እንደሚቀድም አላወቀችም። ንዴቱ ቀደመ።

«ሃያ ዓመት!» አለች። «ሀጂ ሞቱ፣ ዓመት ሆናቸው! ከዚያስ ምን ያዘዎት? አባቴ አብነት ሲታመም ጣሳ ሙሉ ሾርባ በሰው መጣልን፤ ማን እንደላከው አላወቅንም ነበር። እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«እውነቱን ቢልኩለት ይሻለው ነበር!»

«አዎ» አሉ እትዬ ቀመሪያ። «ይሻለው ነበር። ከበከር ቤት ጋር መዛመድ አልችልም ያልኩትም ንቄሽ አይደለም። ይህን ፊት በየቀኑ እንዴት አየዋለሁ ብዬ ነው። አባትሽን ነው የምትመስዪው፤ ስትቆጪ በተለይ።»

ጀነት የዘይቱን ጨርቅ አጥፋ ሳጥኗ ውስጥ ከተተች።

አቶ ሂርጳ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እንዲህ ብለው ይጻፉ» አለች ጀነት፣ ቃል በቃል እያስጻፈች። «ሞተር፦ የተለወጠ። የጥንቱ በመሰንጠቁ በባለሙያ በከር እጅ ተተክቷል። አሮጌው ለባለቤቱ ቤት በአግባቡ ተመልሷል።»

አቶ ሂርጳ ጻፉ። እትዬ ቀመሪያ እስክሪብቶውን ተቀብለው ከሥሩ ፈረሙ። የአባቷ ስም በቀለም ተጽፎ፣ አጠገቡ ሥራው እንጂ ስድብ ሳይኖርበት ስታይ፣ የጀነት ንዴት ውኃ እንዳገኘ ስኳር በዝግታ ይሟሟ ጀመር።

*

በሩ ላይ ሙስአብ ደረሰባት። ሊነካት ፈልጎ እጁን ወደ ኪሱ መለሰ።

«አላውቅም ነበር» አለ።

«ፊትህ ነገረኝ። ጠበቃ ብትሆንም መዋሸት አትችልም፤ እንጀራህን እንዴት እንደምትበላ አላውቅም።»

«ጀነት፣ እስቲ ስሚኝ። እናትና አባቴ አንድ ጣሪያ ሥር ሆነው ያደግኩት በአባትሽ ነው። ያደርኩባት እያንዳንዷ ሌሊት፣ እናቴ ያለበሰችኝ እያንዳንዱ ሹራብ። እና አንድ ቀን እንኳ በመንገድ አይቼ ሰላም አላልኩትም። ለማን ነው የማመሰግነው አሁን?»

እንባው ጢሙ ውስጥ ጠፋ። ጀነት ይህን ሰው በፍቅር ብዙ ጊዜ አይታዋለች፤ በምስጋና ግን እንዲህ ወድቆ አይታው አታውቅም። ከፍቅሩ ይልቅ ይህ አስፈራት፤ ከፍቅሩ ይልቅም ይህ ያዛት።

«ደብዳቤህ» አለች። «የመጨረሻዋ መስመር።»

«ሆን ብዬ ነው ውጤቱ ሳይታወቅ የጻፍኩት። ሞተሩ ተለወጠም አልተለወጠም፣ አባትሽ ሰረቀም አልሰረቀም፣ ጥያቄዬ ያው ነው ማለቴ ነበር። ልፈትንሽ አይደለም የጠራሁሽ። ከዚያ በር ውጭ ቆመሽ ስትኖሪ ማየት ስላልቻልኩ ነው።»

«እንዲያ ብለህ አትጽፍም ነበር?»

«ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ነበር፤ ሰረዝኩት። አፈርኩ።»

ጀነት ሳቀች፤ ሳቋም መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። የዘይት እጇን ነጭ ሸሚዙ ላይ አሳርፋ አለቀሰች፤ አሻራዋ አምስት ጣት ሆኖ ደረቱ ላይ ቀረ። እሱም ቁልቁል አይቶት፣ የሆነ ሽልማት እንደተሰካለት ሰው፣ ደረቱን ቀና አደረገ።

*

እትዬ ቀመሪያ ሻሻቸውን አጥብቀው፣ ጫማቸውን ለውጠው ወጡ።

«አብነት እንሂድ» አሉ።

«መኪና ላውጣ» አለ ሙስአብ።

«በእግሬ ነው የምሄደው። ወሬው በእግር ነው የሄደው።»

ጌጃ ሰፈር ውስጥ መጀመሪያ የቆሙት ከጎሚስታው ከአባባ ጂራታ በር ነበር። አባባ ጂራታ የበከር ጎረቤት ነበሩ፤ ወሬው ከተነሳ ወዲህ ሰላምታ የከለከሉት። ጎማ እያጠቡ ቀና አሉ።

«ጂራታ፣ የበከርን ነገር ታስታውሳለህ?» አሉ እትዬ ቀመሪያ፣ ከአላፊ አግዳሚው ፊት። «ሞተሩን አልወሰደም። መልሶልኝ ነበር፤ ለልዋጭ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ደብቄዋለሁ።»

ጀነት ይህን ቀን ስንት ጊዜ በሐሳቧ አቀናብራው ነበር! ከድንጋይ አጥር ጀርባ ያለችው ሴት በአደባባይ አንገቷን ስትደፋ ቆማ ልትጠግብ። ልብስ ሰፊው ጋ ቆሙ፤ እንደዚያው አሉ። ከባለ ሱቁ በር ቆሙ፤ እንደዚያው ማለት ጀመሩ። በዚህ በሦስተኛው በር ግን የእትዬ ቀመሪያ ከንፈር ደርቆ ቃሉ አልወጣ ሲል ጀነት መጥገቧ ቀርቶ ክንዳቸውን ያዘች።

«ይበቃል፣ እማማ።»

እማማ ማለቷን የሰማችው ካለችው በኋላ ነው።

«አይበቃም» አሉ አሮጊቷ፣ እጇን ጠበቅ አድርገው። «ግን አትልቀቂኝ።»

ከኋላቸው ኮቴ ሰሙ። አባባ ጂራታ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው እየተከተሉ ነው። «እኔም ዕዳ አለብኝ» አሉ። «ሰላም ሲለኝ ፊቴን አዙሬበታለሁ።» ከእሳቸው ኋላ ልብስ ሰፊው። ከልብስ ሰፊው ኋላ ባለ ሱቁ። አብነት ሲደርሱ ስድስት ሆኑ።

የደሚቱ ጎረቤት ኮከቤ ከጠባቡ ቅያስ አፍ ላይ ሆና ጮኸች። «ደሚቱ! ደሚቱ! ሽማግሌ መጣልሽ! ኧረ ምን ዓይነት ሽማግሌ ነው፣ ሴትም አለበት!»

ደሚቱ በሯ ላይ ቆመች። እትዬ ቀመሪያን አየቻቸው፤ ከእሳቸው ኋላ ሃያ ዓመት ያላናገሯትን ሰዎች አየች። ጀነት ወደ እናቷ ሮጣ በጆሮዋ ነገረቻት፤ ሞተሩ መለወጡን፣ መመለሱን፣ ልዋጩን፣ ያችን አንድ ዕይታ። ደሚቱ ሰማች። ፊቷ አልተለወጠም።

እትዬ ቀመሪያ ጎንበስ ብለው እግሯን ሊነኩ እጃቸውን ዘረጉ። «አፉ በይኝ፣ ደሚቱ።»

ደሚቱ ሳይደርሱ ትከሻቸውን ያዘች። «አልቅሼ የምቆጣዎት ነገር አለኝ» አለች ቀስ ብላ። «ዛሬ አይደለም፣ ሌላ ቀን። እቆጣዎታለሁ፣ አልሸሽግም። በከር ግን እንግዳ በር ላይ አቁሞ አያውቅም። ግቡ።»

ክፍሏ ሰባት ሰው አትችልም። ቻለች። አልጋው ላይ፣ ሳጥኑ ላይ፣ ደፉ ላይ ተቀመጡ። አባባ ጂራታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሙስአብን በአገጫቸው አሳዩ። «እንግዲህ ከመጣን አይቀር፣ ይህ ልጅም አንድ ጉዳይ ያለው ይመስላል፤ ሸሚዙ ላይ ማስረጃ አለበት…»

ቤቱ ሳቀ። ሙስአብ እስከ ጆሮው ቀላ።

«አይሆንም» አለች ጀነት፤ እሷም ትስቃለች፣ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቷል። «ዛሬ የአባቴ ቀን ነው። የእኔን ሌላ ቀን መጥታችሁ ጠይቁ።»

«መቼ?» አለ ሙስአብ፣ ጠበቃነቱ ሁሉ ጠፍቶበት።

«ሲጠሩህ።» ከዚያ የሚያዝን መስሎ ሲያቀረቅር አላስቻላትም። «በዚህ ሳምንት» አለች።

ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሰባት ሰው መካከል ሁለቱ ብቻ የቀሩ ያህል።

እትዬ ቀመሪያ መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። «ያ ረቢ፣ የሸሸገኝን ሰው አንተ ሸሽገው። ቤቴን ያቆመውን፣ ቤቱን በጀነትህ አቁምለት። ሳላመሰግነው ለሞተው ለበከር፣ ምስጋናዬን አድርስልኝ።»

«አሚን» አሉ ሽማግሎቹ። «አሚን» አለች ደሚቱ፣ ዓይኗን ጨፍና። «አሚን» አለ ሙስአብ።

ጀነት ልትል አፏን ከፈተች። ሌባ ሳይሉ የአባቷን ስም ሲጠሩት ከሰማች ሃያ ዓመት ሆኗታል፤ እነሆ በአንድ ቤት ሙሉ ሰው አፍ፣ በዱዓ ተጠራ። እነሱ ጨርሰው መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ ካሳለፉ በኋላ ነው፣ ብቻዋን፣ እንደ ትንሽ ልጅ ድምፅ፣ የእሷ አሚን የወጣው።